«ካርታ» ስንል የደነገጠው ሰፈር፦ ከጦሳ ግርጌ የአንድ አቋራጭና የአንዲት ሜዳ ጉዳይ

ጥር 2016 ላይ ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት የደሴ ሰፈሮች በአንዱ፣ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ሊበተን ሲል ተነሣሁና «የሰፈራችንን ካርታ ልንሠራ ነው፤ የሚያግዘን ሰው እንፈልጋለን» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። በማግስቱ ሁለት ዓይነት ሰው በሬን አንኳኳ። የመጀመሪያው የግብር ደረሰኙን፣ የውሃ ቢሉንና የአባቱን የውርስ ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ «መቼም የኔንም ታስገቡልኛላችሁ» እያለ የመጣ ነው። ሌላው ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ ልጆቼ ጠይቆ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ «ለመሆኑ አጥር ትለካላችሁ እንዴ?» ያለኝ ነው። አጥሩ አምና አንድ ክንድ ያህል ወደ መተላለፊያው ወጥቷል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። እኛ ጋ ካርታ ማለት የይዞታ ማረጋገጫ ነው። «ቤቱ ካርታ አለው?» «ካርታው በማን ስም ነው?» ነው የሚባለው። ሰነድ አልባ ቤት በበዛበት ሰፈር «ካርታ ልንሠራ ነው» ብሎ መናገር ለአንዱ የምሥራች፣ ለሌላው መርዶ ነው። እኛ፣ የሰፈሩ ኮሚቴ፣ ልናሻሽላቸው አስበን ወረቀት ላይ ልናሰፍር የፈለግነው ግን ከባሕር ዛፉ ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን አቋራጭና ከሥሩ ያለችውን ሜዳ ብቻ ነበር። ይህን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። የገላገሉን የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። «አብሽሩ፣ የመንገድ ሥዕል ነው፤ ቤት የለበትም» እያሉ በየቡናው ዞሩልን። እኔም ከዚያ ወዲህ «ሥዕሉ» እላለሁ፤ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

ሰፈሩ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ ናት። ሽቅብ ጦሳ ነው፣ ቁልቁል የቦርከና ወንዝ። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በመጣ ቁጥር «እናንተ ዘንድ ጎረቤት ለመጠየቅም መሰላል ያስፈልጋል» ይለናል። እውነቱን ነው። በመኪና መንገድ ዞሮ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው በአቋራጭ አሥር ደቂቃ ነው፤ ያም አቋራጭ ማንም ያልሠራው፣ እግር ያወጣው ነው።

መናፈሻ የሚባል ክፍለ ከተማ አለን። ቁጭ የሚባልበት መናፈሻ ግን በየሰፈሩ የለም። በአገራችን የከተማ ፕላን 30 በመቶው መሬት ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን የሚል መርሕ አለ። ተዳፋት ከተማ ውስጥ ግን የአረንጓዴው ድርሻ ገደሉ ላይ የማረፍ ጠባይ አለው። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ እግር የሚያሳርፍበት የለም። ሰው የሚረግጠው አረንጓዴ ያው ሜዳዋና አቋራጩ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበሩም።

ያለ ኢንተርኔት

በዚያን ጊዜ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፎታል። ከወጣቶቹ አብዛኞቹ «ዳታ ሳይኖር ጂፒኤስ እንዴት ይሠራል?» ብለው ነገሩን ሊተዉት ነበር። ጂፒኤስ ግን ምልክቱን በቀጥታ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፤ ዳታ የሚያስፈልገው የካርታውን ምስል ለማውረድ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ሄዶ አንድ ማኪያቶ አዝዞ፣ ኦስምአንድ የተባለውን መተግበሪያና የኢትዮጵያን ፋይል አወረደ። ከእሱ ስልክ ወደ ሌሎቹ በብሉቱዝና በሚሞሪ ካርድ አለፈ። የፋይሉ ምንጭ ኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ፈቃደኞች የሚሥሉት፣ ማንም ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል ነጻ ካርታ። አስፋልቱ አለ፣ ኮብልስቶኑም በከፊል አለ። ከዚያ በላይ ነጭ ወረቀት ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ3 ወረቀት አሳተምነውና ያንን ነጭ ለመሙላት ወጣን። ስልክ ይዞ ጋራ ለጋራ የሚዞር ሰው ጥርጣሬ በሚያስነሣበት ወቅት ስለነበር ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍን፤ ደብዳቤውንም ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው እንዲይዘው ተስማማን። ይህን ሳያደርጉ ለመጀመር ያሰበ ካለ ይተወው።

ስልክ በገላጣ ቦታ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ባሕር ዛፍ ሥርና ገደል ጥግ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ የመጀመሪያው ቀን መስመራችን በአንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ታየ። ቤት የለበትም ብለን ምለን ተገዝተን! መፍትሔው ቀላል ነበር፦ አንዱን መንገድ ሦስት ጊዜ መሄድ፣ በየመታጠፊያው ቆም ብሎ ነጥብ መያዝ፣ የቀረውን በእርምጃ ቆጥሮ ወረቀቱ ላይ በእርሳስ ማረም። እርሳሱ ከስልኩ የበለጠ ሠራ።

ሁለቱ መንገዶች

መጀመሪያ የሠራነው ሥዕል የወንዶች ሥዕል ነበር። ያኔ አላስተዋልነውም። አምስታችንም ወንዶች ነን፤ የምናውቀውን መንገድ ሄድን፣ የምናውቀውን ሣልን። አቋራጩ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ አንድ መስመር ሆነ።

ከዚያ ጸሐፊው ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ሴቶቹን ጠሩልን። የተፋሰስ ሥራ የሚሠሩ የግብርና ባለሙያዎች ከገበሬ ጋር መሬት ላይ በአመድ፣ በድንጋይና በቅጠል መንደር ሲሥሉ ያየ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል፤ የግብርና ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ባወጣው የኅብረተሰብ ተሳትፎ ተፋሰስ ልማት መመሪያም ውስጥ አለ። እኛም ወረቀቱን ወዲያ አልንና ግቢው ውስጥ በአመድ ሣልነው። አቦሉ ላይ የተናገረ የለም። ቶናው ላይ አንዲት ቅጠል የሚያወርዱ እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ በጫማቸው ጫፍ አመዱን አጠፉና መስመሩን በሌላ በኩል አዞሩት።

«በዚህ አንወርድም እኮ» አሉ።

«ለምን እማማ? አጭሩ እሱ አይደለም?»

«ላንተ ነዋ አጭሩ። አንተ ባዶህን ነህ። ቅጠሉ ከኔ ይሰፋል፤ በሁለቱ አጥር መሀል አያሳልፈኝም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተናገሩ። የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ወደ ጎን ሰፊ ስለሆነ ዙሪያውን ነው የሚሄዱት። መንገዱ ላይ ሦስት ቦታ ያርፋሉ፤ የሚያርፉት ግን ቁጭ ብለው አይደለም። ቁጭ ያለ ሸክም የሚያነሣ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ወገብ ከፍታ ያለው ድንጋይ ወይም ግንድ ፈልገው ሸክሙን ጀርባቸው ላይ እንዳለ ያስደግፉታል። ከሦስቱ ድንጋዮች አንዱ ተነሥቶ ለአንድ ቤት መሠረት ገብቷል። ያን ድንጋይ ሳልፍበት አድጌ፣ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ሳላውቅ ቀርቻለሁ።

እኛ በዕቅዳችን ላይ ስድስት የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበር ጽፈን ነበር። ተሰረዘ። በምትኩ «ወገብ ከፍታ ያለው የሸክም ማስደገፊያ፣ ሦስት» ተባለ።

ልጃገረዶቹ ለብቻቸው ሣሉ። በሚወዱት ቦታ ሽምብራ፣ በሚፈሩት ቦታ ባቄላ እንዲያስቀምጡ ጠየቅናቸው። ባቄላው በሙሉ አንድ መታጠፊያ ላይ ተከመረ። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ቡቃያ እንደ ግድግዳ የቆመበት፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ከወዲያ ማን እንደሚመጣ የማይታይበት ቦታ ነው። መብራት እንጠይቅ አልን። አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «መብራቱ እስኪመጣ ቡቃያው ይመልመል» አለች። ባለቤቱን አነጋገርን፤ ቡቃያውን ራሱ ለጭራሮ ስለሚፈልገው በዚያው ሳምንት መለመለው። ከጉዳዩ ሁሉ ፈጥኖ የተፈጸመው እሱ ነው፣ ያውም ያለ በጀት።

ባዶ የተባለችው ሜዳ

ሜዳዋን ማጠር፣ በር ማበጀት፣ ሣር መትከል፣ ጥግ ላይ ጁስ ቤት መሥራት፤ ይህ የኮሚቴያችን ወጣቶች ሕልም ነበር፤ የኔም ነበር፣ አልክድም። ጉዳዩን ያማከርነው አንድ መሥሪያ ቤትም «ክፍት ቦታ» በሚል ስም መዝግቦ ለተመሳሳይ ነገር አስቧት ነበር። አንድ መምህር ግን «አንድ ሳምንት በየሰዓቱ ምን እንደሚደረግባት ጻፉ» ብሎ ለመነን። ልጆች ተመደቡ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሯጮች። ፀሐይ ስትሞቅ በርበሬና እህል የሚያሰጡ። ቀትር ላይ ከገበያ የሚመለሱ አህዮች የሚያርፉበት ጥግ፣ ከጎኑ ወሬ። ከ9 ሰዓት በኋላ ኳስ፣ ለዚያውም ሁለት ቡድን በየተራ። ለቅሶ ሲኖር የእድሩ ድንኳን፣ ሠርግ ሲኖር ድግስ፣ በዓል ሲሆን የሁሉም። ወረቀቱ ሲሞላ ባዶ ሰዓት ያልነው መሽቶ እስኪነጋ ያለው ብቻ ሆነ። በጎች ደግሞ ሰዓት አያከብሩም፣ እነሱን አልቆጠርናቸውም።

አጥሩ ቀረ። በሜዳዋ ጠርዝ፣ ኳስ የማይደርስበት በኩል ብቻ ችግኝ ይተከል ተባለ። ከ2011 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ እየተከልን በበጋው ሲደርቅ ያየንበት ቦታ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ላይ ከእያንዳንዱ ችግኝ ጎን ውሃ የሚያጠጣው ቤት ምልክት ተደረገ። ቤት የለበትም ያልነው ሥዕል እዚህ ላይ ትንሽ ቃሉን አጥፏል፤ የተስማሙት ብቻ ናቸው የተጻፉት።

መሥሪያ ቤት ስንሄድ

ሥዕላችንን ይዘን የገባንበት ቢሮ ባለሙያ በጥሞና አየና «ቆንጆ ነው» አለ። ቀጥሎ «ስንት ሜትር ነው? ስንት ደረጃ? ስንት ሜትር ኩብ ድንጋይ?» አለ። መልስ አልነበረንም። ወጣን።

ይህን ለሌላ ሰፈር ሰው ሁሌ እነግራለሁ። መሥመር በጀት አያስገኝም፤ መጠን ነው የሚያስገኘው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራልና ጥያቄው ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ ከመጋቢት ባይዘገይ ይሻላል። ግንቦት ላይ የመጣ «ለሚቀጥለው» ይባላል።

ተመልሰን ለካን። በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ለርዝመት፤ ለከፍታው ደግሞ ግንበኞች የሚጠቀሙበት፣ ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ። የአንዱ ጫፍ ውሃ ከሌላው ጫፍ እኩል ስለሚቆም በሁለቱ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ያለ ምንም መሣሪያ ያሳውቃል። ድሮ በድንጋይ የተረደደው ደረጃ አንዳንዱ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ይነሣል። ለደረጃ የሚሠራበት ስሌት የቁመቱ እጥፍ ከመርገጫው ወርድ ጋር ሲደመር ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚል ነው፤ 16 ቁመትና 30 ወርድ ቢሆን 62 ይመጣል። ሰፈራችን ያለ አንድ ግንበኛ ይህን ስሌት በስሙ አያውቀውም፣ ግን «እግር ሳይሰናከል ከአንድ ስንዝር በላይ አይወጣም» ብሎ ያንኑ ነገረን። ጥያቄያችን በቁጥር ተጻፈ። ጥርብ ድንጋይና የተወሰነ ሲሚንቶ ተሰጠን፤ ጉልበቱ የኛ ሆነ። ግንቦት ላይ አራት ቅዳሜ ደቦ ወጥተን ከላይ እስከ ታች ጨረስነው።

ክረምቱ

ነሐሴ ላይ የታችኛው ግማሽ ሄደ።

አንድ ሌሊት ነው የበቃው። ጠዋት ስንደርስ ድንጋዮቹ ሜዳዋ ላይ ተበትነዋል፣ በቦታቸው እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦረቦር ወጥቷል። ከእኛ በላይ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ያያሉ። «ውሃው በየት እንደሚመጣ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ማንም። ሥዕላችንን በጥር ነው የሠራነው፤ ጥር ላይ ውሃ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ምን እንደሚያወርዱ ሁላችንም እናውቃለን፣ በበልግም እንዲሁ ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አንዲት ሰማያዊ መሥመር አልነበረችም። የዓመቱን ግማሽ የረሳ ሥዕል ይዘን ነው ድንጋይ የተሸከምነው። ካጠፋነው ሁሉ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ አራት ቅዳሜ የሰው ጉልበት ነዋ።

ሁለተኛውን ሥዕል በዝናብ ሣልነው። ጃንጥላና በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘን ውሃውን ተከተልነው። ከላይ ካለው ኮብልስቶን ይጀምራል፣ የአዳዲስ ቆርቆሮ ጣሪያዎች አሸንዳ ይጨምርበታል፣ ከዚያ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ አቋራጩ ይገባል። እኛ ደግሞ ደረጃ ሠርተን አመቻችተንለታል። አሮጊቷ በድሮ ጊዜ ከላይ በኩል ውሃውን ወደ ፈፋው የሚቀለብስ ቦይ እንደነበረ፣ ሲሞላ ማንም እንዳልጠረገው ነገሩን። በእንጨት ቆፍረን አገኘነው።

በተፈጥሮ ሀብት የሠራ አንድ የሰፈር ልጅ ቀሪውን አስተካከለልን። መቀልበሻ ቦዩ ተጠረገ። ቦረቦሩ ውስጥ ውሃውን የሚያበርዱ ዝቅ ዝቅ ያሉ የድንጋይ ክትሮች ተሠሩ፤ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ፣ ያው የውሃ ቱቦው ለዚህም አገለገለ። ደረጃውን ለማስፋት የተዳፋቱን እግር እንዳንቆርጥ አጥብቆ ከለከለን። ደሴ ናዳ የምታውቅ ከተማ ናት፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሥሩ ከተነካ ይንሸራተታል። ስለዚህ ደረጃው የጠበበበት ቦታ ጠቦ ቀረ።

አጥሩና ያልተሣሉት ነገሮች

ከመነሻው የጠቀስኩት አጥር ጉዳይ ሳይነሣ አልቀረም። ከኮሚቴው አንዱ ሥዕሉን ይዞ ቀበሌ ሄዶ ሊከስስበት ፈለገ። ሁለት ስብሰባ ተከራከርንበት። ቤት የለበትም ብለን ነው ሰው አመዱ ላይ እንዲሥል የለመንነው፤ አንድ ጊዜ ማስረጃ ካደረግነው ሁለተኛ ማንም አይሥልልንም። ጸሐፊው ወረቀቱን ጠቅልለው ቤታቸው ወሰዱት። ነገሩን አንድ ሼህና አንድ ቄስ ያሉበት ሽማግሌ ያዘው። አጥሩ አልፈረሰም። ባለቤቱ ግን የአጥሩን ማዕዘን ቆረጠው፤ ሹል የነበረው ገደድ አለና የቅጠል ሸክም ያሳልፋል። ለኔ አልበቃኝም። ለተሸካሚዎቹ በቃቸው።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ አቋራጩን፣ ደረጃዎቹንና መቀልበሻ ቦዩን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አስገባናቸው። ባቄላዎቹን አላስገባንም። ልጃገረድ የምትፈራበትን ቦታ ለዓለም ማሳየት ማንን እንደሚጠቅም አንዷ ጠየቀችን፣ መልስ አጣን። አመሻሽ ላይ ማን በየት ብቻውን እንደሚያልፍም እንዲሁ። እነዚህ ያሉት በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው።

በ2017 ክረምት ደረጃው ያዘ፤ ከታች አንድ እርከን ብቻ ተነቅሎ መልሰን ገነባነው። ከችግኞቹ ውሃ አጠጪ ቤት የተጻፈላቸው አብዛኞቹ ቆመዋል፣ ሁለቱን በግ በልቷቸዋል። ሦስቱም ማስደገፊያዎች ተሠርተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ቅጠል የሚያወርዱትን እናት ሁለተኛው ማስደገፊያ ላይ አገኘኋቸው። ሸክማቸውን አስደግፈዋል፣ ጉልበታቸው ግን ታጥፏል።

«ይቺኛዋ ዝቅ ብላለች ልጄ» አሉኝ። «አንድ ስንዝር ጨምሩባት።»

ማታ ጸሐፊው ቤት ሄጄ ወረቀቱን አስወጣሁ፤ ከሁለተኛው ማስደገፊያ ጎን በእርሳስ «+ 1 ስንዝር» ብዬ ጻፍኩ።